ጋዋኑን ተዉት፤ መርፌና ክር ላኩ!

ግንቦት ተገባዶ ሰኔ ደጃፋችን ላይ ቆሟል። ሰኔ ሲመጣ ገበሬው ወደ እርሻው፣ ተማሪው ወደ ፈተናው፣ መምህሩ ደግሞ ወደ ቀይ እስክሪብቶው ይሮጣል። የቸገረው ሰው «ሰኔና ሰኞ ሆነብኝ» ይላል አይደል? ሰሞኑን ታዲያ ሰኔ ገና ሳይገባ ሰኔና ሰኞ የሆነባት አንዲት ወጣት መምህርት ረዘም ያለ መልእክት ልካልናለች። ስሟንም ሆነ የምታስተምርበትን ት/ቤት እንዳናወጣ አደራ ብላለች። አደራ አንበላም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኅታችን ተወልዳ ያደገችው ከተማ ነው። ተመድባ የሄደችው ግን ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የገጠር ት/ቤት ሲሆን የምታስተምረውም 4ኛ ክፍል ነው። ስድሳ ልጆች አሏት። የዓመቱ መዝጊያ የወላጆች በዓል ደርሷል። ይህን የሰሙ የከተማ ጓደኞቿ «እስቲ ልጆቹን እናስደስታቸው» ብለው ገንዘብ አዋጡ። ሐሳባቸው በየከተማው እንደምናየው ነው። ጥቁር ጋዋን ተከራይቶ፣ ቆብ ተደፍቶ፣ ኬክ ተቆርሶ፣ ፎቶ ተነስቶ ምርቃት! ርዕሰ መምህሩም ነገሩን ወደውታል።

እሷን ግን አንድ ነገር ከነከናት። ከተማሪዎቿ አንዷ፣ ዕድሜዋ 11 ዓመት ገደማ የሆነች ልጅ፣ «ቲቸር፣ እኔ መስከረም ላይ አልመጣም» ብላታለች። «ለምን?» ስትባል አንገቷን ደፍታ ዝም። መምህርቷ የጠየቀችን ታዲያ ሁለት ነገር ነው። ለዚህች ልጅ ጋዋን ባለብሳት ምን ይጠቅማታል? ጋዋኑ ይቅር ካልኩስ በባዶ እጄ ስድሳ ልጅ ምን ላሠራ?

ጥያቄው ለእሷ ብቻ የሚመለስ ስላልሆነ በዚህ ዓምድ ልንወያይበት ወደድን። ታናሽ እኅት ወይም ወንድም ያላችሁ፣ ለገጠር ት/ቤት መዋጮ የምታሰባስቡ፣ ነገ ዛሬ መምህር የምትሆኑም ስላላችሁ ጆሮ ስጡን።

ተመረቀ ማለት ጨረሰ ማለት ነው

በመጀመሪያ ስለ ጋዋኑ። የጓደኞቿ ልብ መልካም ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ልጅም ቢሆን አዲስ ልብስ ለብሶ ፎቶ መነሳት ይወዳል። ግን እስቲ ነገርዬውን በወላጅ ዓይን እንየው። አንድ አባት ከእርሻው ተነስቶ ይመጣል። ልጁን ጋዋን ለብሳ፣ ቆብ ደፍታ፣ ወረቀት ተጠቅልሎ ሲሰጣት ያያል። ጋዋን የሚለብስ ማነው? ትምህርቱን የጨረሰ ሰው! እንግዲህ ሰውየው «እሰይ፣ ልጄ ተመረቀች፤ ከእንግዲህ እናቷን ታግዝ» ቢል ይፈረድበታል? እኛው አይደለን እንዴ ጨረሰች ብለን የነገርነው?

4ኛ ክፍል ደግሞ መጨረሻ አይደለም። አሁን ባለው ሥርዓት አንደኛ ደረጃ የሚባለው እስከ 6ኛ ክፍል ነው። ከዚያ 7ኛና 8ኛ አለ፤ ከዚያም እስከ 12ኛ። ልጅቷ ገና መንገድ ላይ ነች። መንገድ ላይ ያለን ሰው «እንኳን ደረስክ» ብሎ መሸኘት ደግሞ ከጉዞው ማስቀረት ነው። ጋዋኑም ቢሆን ማታውኑ ተጣጥፎ ወደ አከራዩ ይመለሳል። ለልጅቷ የሚቀራት አንድ ፎቶ ነው፤ እሱም በሌላ ሰው ስልክ ውስጥ።

የዓመቱ መዝጊያ ለልጁ ሊነግረው የሚገባ አንድ ነገር ቢኖር «ሥራህ ገና አላለቀም፤ መስከረም ላይ እንጠብቅሃለን» የሚል ነው። የእኛም ምክር ከዚህ ይነሳል።

የአጎት ፕሮጀክት 10/10

«ታዲያ በጋዋን ፈንታ እንደ ከተማ ት/ቤቶች ፕሮጀክት ላሠራቸው?» ትል ይሆናል እኅታችን። ቀስ! የከተማውን ፕሮጀክት እናውቀዋለን። ትንሿ እኅት ማታ መጥታ «ነገ ፕሮጀክት አምጡ ተብለናል» ትላለች። ቤተሰቡ ይታመሳል። አጎት ፎም ለመግዛት ይሮጣል፣ ታላቅ ወንድም ግድብ ይቀርጻል፣ እናት ቀለም ትቀባለች፣ ባለቤቷ ግን እንቅልፍ ወስዷት ለጥ ብላለች። ሰው የሌላቸው ደግሞ ብር ከፍለው የተሠራ ይገዛሉ። በማግስቱ ውጤት ይመጣል፤ 10/10። ለማን? ለአጎት!

ይህን ይዞ ወደ ዋግ መውጣት አያስፈልግም። ልጅ ያልነካው ሥራ የልጅ ሥራ አይደለም። ደግሞም ፎምና አብረቅራቂ ወረቀት ከሌለ ፈጠራ የለም ያለው ማነው? አባባ ተስፋዬ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ስንቱን ትውልድ ያሳደጉት ተረት በማውራት አልነበረም እንዴ?

የሩቁን አገር ካነሳን ሴሌስተን ፍሬኔ የሚባል የፈረንሳይ መምህር ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሳንባው የቆሰለ ሰው ስለሆነ ጮክ ብሎ ማስተማር ይከብደው ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ በደቡብ ፈረንሳይ አንዲት የገጠር ት/ቤት ሲያስተምር ልጆቹን ይዞ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ያዩትን ይነግሩታል፤ የነገሩትንም ራሳቸው ይጽፉታል። ቆይቶ ትንሽ የማተሚያ መሣሪያ ገዝቶ ክፍል ውስጥ አስገባ። ልጆቹ ፊደል በፊደል እየለቀሙ የራሳቸውን ወሬ አተሙ። ያንንም በሌላው የአገሪቱ ጫፍ ላለ ት/ቤት በፖስታ ላኩ፤ ከዚያም መልስ መጣላቸው። ዘዴው ከዚያች መንደር ተነስቶ በብዙ አገር ተዛምቷል። ልብ በሉ፣ ልጆቹ የጻፉት ስለ ራሳቸው መንደር ነው።

ሰቆጣስ ምን አላት? እንዴ!

ሰቆጣ ምን አላት?

ብዙ የከተማ ልጅ የሰቆጣን ስም የሚያውቀው ከችግር ጋር ነው። የ1977ቱ ድርቅ ያን አካባቢ ክፉኛ መትቶታል። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስቆም ቃል ሲገባ ሰነዱ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተባለ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ደረሰ፤ ት/ቤቶች ተጎዱ፤ ቤተሰብ ተፈናቀለ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን አንድ ልጅ ስለ አገሩ የሚሰማው ችግር ችግሩን ብቻ ከሆነ ምን ብሎ ይጽፋል?

ሰቆጣ የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ነች። ድሮ ዋግሹሞች የሚባሉ ገዢዎች የተቀመጡባት አገር ነች። ከመካከላቸው ዋግሹም ጎበዜ ከዓፄ ቴዎድሮስ በኋላ ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠዋል። አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ በሚያገለግልበት ዘመን ሰቆጣ ትልቅ የጨው ገበያ ነበረች። ከከተማዋ ብዙ ሳይርቅ ከአለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ አለ። ወደ ቆላው ሲወርዱ ተከዜ አለ፤ በ2001 ዓ.ም. የተጠናቀቀውና ከ180 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ግድብ የፈጠረው ሐይቅ ዛሬ ዓሣ ይወጣበታል። ዕጣንና ሙጫ አለ። ማር አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቋንቋ አለ፤ ኽምጣኛ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቅዷል። በዋግ ኽምራ ኽምጣኛ በግዕዝ ፊደል እየተጻፈ በት/ቤት ይሰጣል። ስለዚህ እኅታችን፣ አንቺ ባዶ እጅሽን አይደለሽም። ባዶ የሆነው የክፍሉ ቁም ሣጥን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አራት ነገር እንጠቁምሻለን። ሁሉንም ልሥራ ብትዪ ፈተናውም ሥራውም ይበላሻል። የመጀመሪያውን ያዢና ከቀሩት አንድ ምረጪ፤ ይበቃል።

1ኛ፦ የስድሳ ልጆች መጽሐፍ

ባለ 50 ሉክ ደብተር ሦስት ግዢ። መካከል ላይ ያለውን ሽቦ ንቀዪና አውጪው። ከአንዱ ደብተር 25 እጥፍ ወረቀት ይወጣል፤ ከሦስቱ 75። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ እጥፍ ብትሰጪ 60 ሄዶ 15 ይተርፍሻል። እሱ ለሚበላሸው መጠባበቂያ ይሆናል።

ልጆቹን አሥር አሥር አድርገሽ በስድስት ቡድን ክፈያቸው። የመጀመሪያው ሳምንት የወሬ ለቀማ ነው። ልጁ ቤቱ ሄዶ ከአያቱ፣ ከእናቱ ወይም ከጎረቤት አንድ ነገር ይዞ ይመጣል፤ እንቆቅልሽ ሊሆን ይችላል፣ ተረት፣ የአንድ ቦታ ስም ከየት እንደመጣ፣ ቀፎ እንዴት እንደሚሰቀል፣ ካብ እንዴት እንደሚካብ፣ የስፌት አክርማ እንዴት ቀለም እንደሚነከር። «እንቆቅልህ» ሲሉት «ምን አውቅልህ» ብሎ የማይመልስ ልጅ የለም። መልሱን ካጣው ደግሞ አገር ይሰጣል! ይህ ሁሉ ሀብት በነፃ ነው።

ሁለተኛው ሳምንት የጽሕፈት ነው። ልጁ የሰማውን ቤቱ በሚነገረው ቋንቋ፣ በኽምጣኛ ወይም በአማርኛ፣ በእጥፉ የፊተኛ ቅጠል ላይ ይጽፋል፤ ጀርባው ላይ ይስላል። አንቺ ኽምጣኛ አትችዪም ብለን እንገምታለን። ይህ ደግሞ ትልቅ ዕድል ነው! ዓመቱን ሙሉ አንቺ ስታርሚያቸው የከረምሽ ልጆች አሁን በተራቸው አንቺን ያርሙሻል። የፊደሉን አጣጣል ኽምጣኛ የሚያስተምረው ባልደረባሽ ይይልሽ።

ሦስተኛው ሳምንት ስፌት ነው። የአሥሩን ልጆች እጥፍ አንዱን በአንዱ ውስጥ ሰክታችሁ መካከሉን በወፍራም መርፌና ክር ስፉት። የብራና መጽሐፍ የሚደጉሱ ሊቃውንት ጥራዝ የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ስድስት ጥራዝ ይኖራችኋል። ስድስቱን አንድ ላይ ሰፍታችሁ ካርቶን አልብሷቸው።

አሁን ምሥጢሩን ልብ በዪ። እጥፎቹ አንዱ በአንዱ ውስጥ ስለተሰኩ በየጥራዙ የመጀመሪያዎቹ አሥር ቅጠሎች የተጻፈባቸው፣ የመጨረሻዎቹ አሥር ደግሞ ባዶ ይሆናሉ። በእያንዳንዱ ባዶ ቅጠል ራስጌ ላይ የልጁን ስም ጻፉ። ከሥሩም «መስከረም» በሉ። በቃ! መጽሐፉ አላለቀም።

ባዶው ምን ይጻፍበታል? ክረምቱ ነዋ! ከነሐሴ 16 ጀምሮ ሻደይ አለ። ላስታ አሸንድዬ፣ ትግራይ አሸንዳ፣ ራያ ሶለል የሚሉት የልጃገረዶች በዓል በዋግ ሻደይ ነው። ሴቶቹ ቅጠሉን ወገባቸው ላይ አስረው ከበሮ እየመቱ ይጨፍራሉ። ከአዲስ አበባ ድረስ እየተሄደ ለሚታየው በዓል ባለቤቶቹ እነዚህ ልጆች ናቸው። ቅጠሉን ከየት ቆረጡት? ማን አሠረላቸው? ወንዶቹስ ያን ሰሞን ምን ሲያደርጉ ከረሙ? ዝናቡ እንዴት ነበር? መስከረም ላይ መጥተው ይጽፉታል። መጽሐፉ ት/ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ገጹ ልጁን ይጠብቃል።

2ኛ፦ ቀለም ከድስት ሥር

የመጽሐፉን ርዕስና ሥዕል በራሳቸው ቀለም ቢሠሩትስ? የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት ነው የሚሠሩት፤ ቀዩን ለቅዱሳን ስም ያቆዩታል። ልጆቹ ከምጣድና ከድስት ሥር ጥላሸት ፍቀው ያምጡ። እንዳይቦንና አፍንጫቸው እንዳይገባ በመጀመሪያ በጥቂት ውሃ ይራስ። የግራር ሙጫ በሌላ ዕቃ በውሃ ተዘፍዝፎ ይደር። በማግስቱ ሙጫውን በጨርቅ አጥልሎ ከጥላሸቱ ጋር ማሸት ነው። ሙጫው ቀለሙ ወረቀቱ ላይ እንዲይዝ ያደርገዋል። ቀይና ቢጫ አፈርም ተፈጭቶ፣ ተነፍቶ በዚያው ዘዴ ይሠራል። ብዕሩ መቃ፣ ብሩሹ ጫፉ የታኘከ እንጨት ወይም የዶሮ ላባ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጥላሸት ልብስ ከነካ አይለቅም። የዚያን ዕለት ልጆቹ አሮጌ ልብስ ይልበሱ፤ አለዚያ እናቶቹ ለአንቺ አይመለሱም!

3ኛ፦ ግቢው ላይ ካርታ

ወረቀት አንፈልግም ካላችሁ ግቢው አለ። በአመድ መስመር እያሰመሩ፣ በድንጋይ እየከበቡ የሰፈራቸውን ካርታ መሬት ላይ ይዘርጉ። ት/ቤቱ መካከል ላይ ይሁን። መቶ እርምጃ በአንድ ጫማ ይለካ ብላችሁ ተስማሙ፤ ልጆቹ ከቤታቸው እስከ ት/ቤት ስንት እርምጃ እንደሆነ እየቆጠሩ ይምጡ። ሒሳብ ነው፣ ኅብረተሰብ ነው፣ ሥዕልም ነው። ምንጩ የት ነው? ወፍጮው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ጤና ኬላው፣ እርከኑስ?

ይህ ካርታ አንድ የሚናገረው ነገር አለ። ማን ልጅ ከሩቅ እንደሚመጣ፣ ማን ወንዝ ተሻግሮ እንደሚመጣ ቁጭ ብሎ ይታያል። በክረምት ማን ሊቀር እንደሚችል ርዕሰ መምህሩም ወላጁም ያያሉ። ከሌላ አካባቢ ተፈናቅሎ የመጣ ልጅ ካለ ግን «ቤትህን አሳይ» ብለሽ አታስጨንቂው። ማሳየት የፈለገውን ቦታ ራሱ ይምረጥ።

4ኛ፦ ውቅር በጭቃ

ጭቃ አቡክቶ በሬና ቤት መሥራት የማያውቅ የገጠር ልጅ የለም። ይህኛው ግን ለየት ይላል። የሸክላ አፈር አቡክታችሁ እንደ ጡብ አራት ማዕዘን አድርጉትና ጥላ ሥር ግማሽ ያህል ይድረቅ። ከዚያ ልጁ በማንኪያና በስለት በሌለው እንጨት እየፈለፈለ ቤተ መቅደስ ያውጣበት፤ መጨመር አይፈቀድም፣ መቀነስ ብቻ! አንዴ የቆረጠው አይመለስም። ምሰሶው የት እንደሚቀር፣ በሩ የት እንደሚከፈት አስቀድሞ ማሰብ አለበት። ያኔ ነው ውቅር መስቀለ ክርስቶስን የፈለፈሉት ሰዎች ምን ዓይነት ጭንቅላት እንደነበራቸው የሚገባው። ስለ ቅርስ የሚሰጥ ንግግር ይህን አያስተምርም።

የወላጆች በዓል ለማን ነው?

የወላጆች በዓል ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡት ሲሸለሙ ነው። እኔ በበኩሌ ደረጃ ወጥቼ አላውቅም። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ መጥታ ለሰው ልጅ ስታጨበጭብ ውላ ትመለስ ነበር። አንድም ቀን «የአንቺ ልጅ ደግሞ ይህን ይችላል» ያላት የለም።

ከስድሳ ልጅ ሦስቱ ቢሸለሙ ሃምሳ ሰባት ወላጅ ምን ይዞ ይሄዳል? ስለዚህ እኅታችን፣ ሽልማቱ ይቅር አንልም፤ የጎበዘ ይሸለም። ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዱ ልጅ በሥራው አጠገብ ቆሞ ወላጁን ያስተናግድ። ልጁ የጻፈውን ገጽ ለእናቱ ያንብብላት። ማንበብ ያልቻለች እናት ብትሆን እንኳ ጆሮ አላት። እስቲ አስቡት፤ አንዲት አያት ባለፈው ሰሞን እሳት ዳር የተናገሩትን እንቆቅልሽ የልጅ ልጃቸው ከወረቀት ላይ በኽምጣኛ ሲያነብላቸው! ት/ቤቱ የእሳቸውም ነው ማለት ነው። ልጅ ከት/ቤት ሲቀር ጠበቃ የሚቆምለት እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ባዶውን ገጽም አሳዪአቸው። በሰው ፊት ስሙን እየጠራሽ «ይህ የእገሌ የመስከረም ገጽ ነው፤ ይዛችሁልን ኑ» በዪ። አባትዬው በጎረቤቱ ፊት «እሺ» ይላል። በገጠር ደግሞ በሰው ፊት የተባለ እሺ ቀላል ነገር አይደለም።

ያቺ ልጅ

አሁን ወደ ልጅቷ። እውነቱን እንነጋገር፤ አንድ መጽሐፍ ልጅን ከችግር አያድንም። «አልመጣም» ያለችበት ምክንያት ብዙ ሊሆን ይችላል። ደብተር መግዣ ማጣት ይሆናል፣ ታናናሾቿን መጠበቅ ይሆናል፣ ዘመድ ዘንድ ለሥራ መላክ ይሆናል፣ ጋብቻም ይሆናል። ሳታውቂ ወላጆቿን አትኮንኚ። ስትሄጂ ደግሞ የሥራ ገጿን ይዘሽ ሂጂ። «ልጅዎ ይህን ጽፋለች» ብሎ መጀመርና «ልጅዎን ለምን ያስቀራሉ?» ብሎ መጀመር አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ቡና ያስፈላል፤ ሁለተኛው በር ያዘጋል። ብቻሽን አትሂጂ፤ ከወተመህ፣ ማለትም ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት፣ አንድ የተከበሩ እናት ወይም አባት አስከትዪ።

ችግሩ ደብተር ከሆነ መላ አለው። ሥራ ከሆነ ደግሞ ስለ ፈረቃና ስለ ሰዓት መነጋገር ይቻላል። ጋብቻ ከሆነ ግን ሽምግልና አይበቃም። በአገራችንም በክልሉም የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648 ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ያገባ ሰው እንደሚቀጣ ደንግጓል፤ ልጅቷ 13 ዓመት የሞላት ከሆነ እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት። ስለዚህ ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ አሳውቂ፤ በቀበሌውና በወረዳው የሴቶችና ሕፃናትን ጉዳይ ለሚከታተለው ጽ/ቤት ይድረስ። የልጅቷን ምሥጢር ግን በአስተማሪዎች ቢሮ የቡና ወሬ አታድርጊው።

ይህን ሁሉ ከማድረግሽ በፊት ልጅቷን ራሷን ጠይቂያት። ለብቻዋ፣ ሳትቸኩዪ። «መምጣት ትፈልጊያለሽ?» ብለሽ። መልሷን ከሰማሽ በኋላ ገጿን የት ማስቀመጥ እንደምትፈልግ እሷው ትንገርሽ። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ የጥራዝ ኃላፊ ያስፈልጋል። እሷን ሹሚያት። መስከረም ላይ አሥሩ ልጆች መምጣታቸውን የምትቆጥረው እሷ ትሁን። ለልጅ «ናፍቀሽናል» ከመባል ይልቅ «ያለ አንቺ አይሆንም» መባል ይበልጣል።

ለከተማ ጓደኞቿ

እናንተ ደግሞ ገንዘቡን ያዋጣችሁ ልጆች፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። መዋጮውን አትበትኑት፤ አዙሩት እንጂ። ከጋዋን ኪራዩ ላይ ሦስት ደብተር፣ ወፍራም መርፌ፣ ጠንካራ ክር፣ መቀስና ባለ ቀለም እርሳስ ይገዛል። የቀረውን አሁን አትላኩት። ለመስከረም ምዝገባ ይቆይ፤ ያኔ ደብተርና እስክሪብቶ የስንቱን ወላጅ ሐሳብ እንደሚያስቀይር መምህርታችሁን ጠይቁ።

ሌላም አለ። ፎቶ የማንሳት አምሮት ካላችሁ የልጆቹን ፊት ትታችሁ የልጆቹን ገጽ አንሱ። ያንን አትማችሁ በሰፈራችሁ ላለ አንድ የ4ኛ ክፍል አድርሱት። የከተማዎቹ ልጆችም ስለ ራሳቸው ሰፈር ጽፈው ይመልሱ። ስለ ታክሲው፣ ስለ ጎረቤታቸው፣ ስለ አያታቸው ይጻፉ፤ አጎት ሳይነካው! የፈረንሳዩ መምህር በፖስታ ያደረገውን እናንተ በስልክ ትጨርሱታላችሁ።

ርዕሰ መምህሩን እንዴት ላሳምን ለሚለው ጥያቄሽ እንዲህ በያቸው፤ የክወናና የእይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ አለ፤ ይህ ሥራ በዚያ ክፍለ ጊዜ ይሠራል፤ ትርፍ ሰዓት አይፈጅም፤ የወረዳ እንግዳ ሲመጣም የሚታይ ነገር ይኖራል። ርዕሰ መምህር ሆኖ እንግዳ የማያስጨንቀው የለም!

ኬኩን በተመለከተ... ኬኩ ምን በደለ? ከሰቆጣ ዳቦ ቤት ዳቦ ግዙና በማር ብሉት። የዋግ ማር እያለ ኬክ ፍለጋ መንከራተት ምን ይባላል?

ውድ እኅታችን፣ መስከረም ላይ ስንት ገጽ እንደሞላና ስንት ባዶ እንደቀረ ጽፈሽ ላኪልን። ባዶ የቀረም ካለ አትደብቂን። ባዶው ገጽ ላይ ስም አለ፤ ስም ካለ ደግሞ ሄዶ የሚጠየቅ ቤት አለ ማለት ነው።

ሌሎቻችሁም በየት/ቤታችሁ ያያችሁትን፣ ያስቸገራችሁን ጻፉልን። እስከዚያው ቸር ይግጠመን።